በሞተር የምታልፉ፣ ሰላም አትበሉኝ

ታቦር ሰፈር፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ኮብልስቶኑ በሚታጠፈው ማዕዘን ያለችውን ፀጉር ቤት የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ለሐዋሳ እንግዳ ነው ወይ መላጣ ነው። የግዛቸው ናት። አንድ ወንበር፣ ግድግዳውን ሙሉ የያዘ መስታወት፣ ተራ ለሚጠብቅ አንድ አግዳሚ፤ በቃ። ግዛቸው የሚሠራው ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ነው፤ ነገር ግን መንገዱን ከእሱ በላይ የሚያየው የለም። መስታወቱ ሁሉን ያሳየዋል። ከመናኸሪያ ሰው ጭኖ የሚመጣውን ባጃጅ፣ ከገበያ የምትመለሰውን ሴት፣ ከትምህርት ቤት የፎረፈውን ልጅ፣ መቀሱን ሳያቆም ሁሉንም ያያል። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ እንኳ ከአረማመዳቸው ያውቃል ይባላል።

ሰላምታ ደግሞ ነፍሱ ነው። ሌላው ሰው ምሳ ሳይበላ ይውል ይሆናል፤ ግዛቸው ሰላም ሳይባል አይውልም። በወጣትነቱ ከወላይታ፣ ከቦዲቲ ተነስቶ እዚህ ከተማ ሲገባ ከአንዲት መቀስ በቀር ዘመድ አልነበረውም፤ ሰው ያፈራው በሰላምታ ነው። በአማርኛ ለመጣ በአማርኛ፣ በሲዳምኛ ለመጣ በሲዳምኛ ይመልሳል፤ በወላይትኛ ለመጣ ግን ደንበኛውን ከነግማሽ ፂሙ ትቶ በሩ ድረስ ይወጣል።

የሰላምታው ሕግ ግን አንድ ነበር፤ ራስ ተገልጦ ነው። ኮፍያ የደፋ ያወልቃል። "ራሱን ሸፍኖ ሰላም የሚለኝ ሰው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ፎረፎር አለበት" ይላል። ሰው ይስቃል፤ እሱ ግን ከልቡ ነው። አባቱ መንገድ ላይ ሽማግሌ ሲያገኝ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚያልፈው። እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው። ደግ ባህል ነው፣ ማን ክፉ ይለዋል? ጉዱ የመጣው ባርኔጣ ያልሆነውን ነገር ባርኔጣ ያልነው ዕለት ነው።

የግዛቸው ልጅ ፊልሞን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። ነበር ማለቱ ራሱ ይከብደኛል። ረጋ ያለ፣ ሲስቅ እንኳ ድምፁ የማይሰማ ልጅ። ላም ምጥ ሲጠናባት ለሰው እንደሚያወራ እያባበለ ነው የሚያዋልዳት ይላሉ ከከተማው ወጣ ብለው ያሉት የቱላ ገበሬዎች። መሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል የሰጠውም ለዚሁ ነው፤ ምጥ የያዛት ላም የባጃጅ ተራ አትጠብቅም።

ሞተሩ ቤት የገባ ዕለት እናቱ ካሰች እልል አላለችም። ካሰች በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትሠራ ነው ፀጉሯ የሸበተው። "ሞተር ምን እንደሚሠራ ሐኪሙን አትጠይቁ፤ አንሶላውን የማጥበውን እኔን ጠይቁኝ" ትላለች። ፒያሳ ወርዳ ቀይ ሄልሜት ራሷ መርጣ ገዛች፤ በእጇም ደፋችለት። ማሰሪያውን ከአገጩ ሥር ቆልፋ፣ ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጋ ፈተነችው።

"ከሞተሩ ሳትወርድ ይሄ ከራስህ አይውረድ" አለችው።

"እሺ እማዬ።"

"እሺ አይደለም። አዎን በለኝ።"

"አዎን እማዬ።"

በቤታቸው መማል የለም። መጽሐፉ ቃላችሁ አዎን አዎን ይሁን ስለሚል፣ እነሱ ዘንድ አዎን ከተባለ ከመሐላ በላይ ነው። ካሰችም ያንን አዎን ይዛ ልቧ አረፈ።

ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፀጉር ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሳለ አንድ ሞተረኛ ክላክሱን ነካ ነካ፣ እጁን ከፍ አድርጎ አለፈ። ግዛቸው በመስታወቱ አየው፤ ማን እንደሆነ ግን አልለየውም። ፊት የለው፣ ዓይን የለው፣ የሚታየው ቀይ ነገር ብቻ ነው።

"ጋሽ ግዛቸው፣ ልጅዎት እኮ ነው ሰላም ያለዎት!" አለ ተራ ከሚጠብቁት አንዱ።

"እንዴ! ፊልሞን ነው? ባልዲ ደፍቶ ነው እንዴ አባቱን ሰላም የሚለው?" አለ ሌላው። ቤቱ በሳቅ አውካካ።

ቀልድ ነበር። ግዛቸውም አብሮ ፈገግ አለ፤ ውስጡ ግን በገነ። ለሰፈሩ ሁሉ ሰላምታ የሚያስተምር ሰው፣ የገዛ ልጁ ባልዲ ደፍቶ አለፈበት! በሚቀጥለው ሳምንት ፊልሞን ፀጉሩን ሊቆረጥ መጥቶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ ግዛቸው ሌላ ሰው አለመኖሩን አይቶ፣ ጨርቁን አንገቱ ላይ እያሰረ ጀመረው።

"አንተ ልጅ፣ እኔ የማን አባት ነኝ? የባልዲ?"

"ምን አጠፋሁ አባዬ?"

"ሰው ፊት አዋረድከኝ። በበሬ ስታልፍ ፊትህን ልየው እንጂ! ሞተር ያዝኩ ብለህ አባትህን በክላክስ ነው ሰላም የምትለው?"

"ለእማዬ አዎን ብያለሁ እኮ፤ ሳልወርድ ላላወልቅ።"

"እናትህ ያለችው ለአገር አቋራጩ ነው። ይሄ ሰፈርህ ነው። ከጎሚስታው እስከ እኔ በር ምን ርቀት አለው? እፊቴ ምን ይነካሃል?"

ፊልሞን በመስታወቱ ውስጥ አባቱን አየው። መልስ ነበረው፤ ዓይኑ ላይ ያስታውቃል። ግን ለአባቱ አፍ የሚመልስ ልጅ አልነበረም፤ ያሳደገው ግዛቸው ነዋ። "እሺ አባዬ" አለ።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲመለስ፣ ጎማ የሚለጠፍበት ጎሚስታ ቤት ጋ ሲደርስ ይቆማል። ሄልሜቱን አውልቆ ግራ ክንዱ ላይ ያንጠለጥላል፤ በእጁ ፀጉሩን ዳበስ አድርጎ፣ ሞተሩን በቀስታ እየነዳ በአባቱ በር ያልፋል። ሲያልፍ አንገቱን ሰበር አድርጎ "አባዬ!" ይላል። ግዛቸውም ሳይዞር፣ በመስታወቱ ውስጥ፣ ሚዶውን ከፍ ያደርግለታል። "አያችሁ? ልጅ ማለት ይሄ ነው" ይላል ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው። ልጁ ደግሞ ከፀጉር ቤቱ አልፎ ኮብልስቶኑን ሲይዝ ቆም ብሎ ሄልሜቱን መልሶ ይደፋዋል፤ እናቱ በር ሲደርስ አዎኑ ራሱ ላይ ነው። ለሁለት ጌቶች መገዛት አይቻልም ይላል መጽሐፉ። ልጁ ግን ለሁለቱም ሞከረ፤ ሁለቱንም ይወዳቸው ስለነበር።

ያ ሐሙስ ከሌላው ቀን የተለየ ነገር አልነበረውም። ግዛቸው የአንድ የባንክ ሠራተኛ ፂም እያስተካከለ በመስታወቱ ልጁ ሲመጣ አየው። ቀስ ብሎ፣ ራሱን ገልጦ፣ ቀዩ ሄልሜት ክንዱ ላይ። ከፊቱ የበላይነህ ፒክአፕ ነበር። በላይነህ የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ለየሱቁ ለስላሳ ያከፋፍላል፤ ቤቱም እዚያው ኮብልስቶኑ ውስጥ ነው። የቀኙን ጠርዝ ይዞ ቀስ ሲል ሊቆም የፈለገ መሰለ፤ ፊልሞንም በግራው ሊያልፈው ተጠጋ። መቼም ሰው ሰፈሩ ሲደርስ የገዛ ግቢው የገባ ይመስለዋል፤ ፍሬቻ ማብራት ለእንግዳ ነው፣ ስፖኪዮ ማየት ለአገር አቋራጭ ነው ይላል። በላይነህም ፍሬቻ ሳያበራ፣ ስፖኪዮውን ገልመጥ እንኳ ሳያደርግ፣ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው።

ፊልሞን በዚያችው ቅጽበት አንገቱን ሰበር አድርጎ ወደ ፀጉር ቤቱ ዞሮ ነበር። "አባ..." አለ።

ግዛቸው ሁሉንም አየ። ጎማው ሲዞር አየ፤ ልጁ ጎማውን እንዳላየ አየ። "ፊልሞን!" ብሎ ጮኸ፤ የጮኸው ግን ወደ መስታወቱ ነው። ዕድሜ ልኩን መንገዱን በመስታወት ሲያይ ኖሮ፣ ልጁ መስታወቱ ውስጥ ያለ መሰለው። ዞሮ ከበሩ እስኪወጣ ነገሩ አልቋል። ፊልሞን ከደጁ ፊት ተጋድሟል፤ ራሱ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ፣ ቀዩ ሄልሜት እንደተንጠለጠለ ክንዱ ላይ። ግዛቸው አጠገቡ ሲንበረከክ ሚዶው አሁንም እጁ ውስጥ ነበር።

ሆስፒታል ሲያደርሱት ካሰች እዚያው ሥራዋ ላይ ነበረች። የዚያን ቀን አንሶላ ማን እንዳጠበው እኔ አላውቅም፤ መጠየቅም አልፈልግም።

ትራፊክ ፖሊሱ የልጁን ዕቃ ያስረከበው ለእሷ ነው። ወጣት ነው፤ ክፉም አልነበረም። ሄልሜቱን በሁለት እጁ ይዞ "እናቴ፣ ይኸው፤ ጭረት እንኳ የለውም" አላት። "ያን ያህል ፍጥነት አልነበረም እኮ። ራሱ ላይ ቢሆን ኖሮ አቧራውን አራግፎ ይነሳ ነበር።"

ካሰች ሄልሜቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። "የት ነበር?" አለች።

"ክንዱ ላይ።"

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው መንገድ ላይ ቆመ። መዘምራኑ ዘመሩ። አንዲት የቱላ ሴት "ላሜን ያዋለደልኝ ልጅ!" እያለች ደረቷን ስትደቃ ያላነባ የለም። ካሰች ብቻ ጠብታ እንባ አልወጣትም። ሰው ደግሞ ለቅሶ ላይ ዝም ማለት አይችልም መቼም፤ ይንሾካሾካል። "የዘንድሮ ልጆች ሄልሜትን ጌጥ አደረጉት፤ ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚዞሩት" አለ አንዱ። "ፀጉራቸው እንዳይበላሽ እኮ ነው። እሱ ደግሞ የፀጉር ቆራጭ ልጅ!" አለ ሌላው። ግዛቸው ሰማ። ካሰችም ሰማች።

"ዋሸኝ" አለች ካሰች፤ በዚያ ሁሉ ለቅሶ ከአፏ የወጣው ይሄው ብቻ ነው። "አዎን ብሎ ዋሸኝ።"

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ እንደገና ሥራ ገባች። ሳሎን የተሰቀለውን የልጇን የምረቃ ፎቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። መቃብሩ ጋ እንሂድ ሲሏት "የዋሸኝን ልጅ ምን ብዬ ላልቅስለት?" አለች። ስሙን መጥራት ተወች፤ "ያ ልጅ" ሆነ። ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ ጸልያ ያሳደገችው ልጅ "ያ ልጅ" ሆነ! ይሄን የሚችል ጆሮ አለ?

ግዛቸው ነው የቻለው። እውነቱን ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አውልቅ ያለው ዕለት ፀጉር ቤቱ ውስጥ እሱና ልጁ ብቻ ነበሩ። እናት ልጇን መልሳ እንድታገኝ የሚያስፈልጋት ከእሱ አፍ የምትወጣ አንዲት ቃል ናት፤ ያቺን ቃል ከተናገረ ግን ሚስት እንደማይኖረው ያውቃል። ጠዋት ጫማዋን ስታጠልቅ "ካሱ..." ይላል። "እህ?" ትላለች። "ምንም። ብርድ ነው፣ ደርቢ" ይላል። ልጁን ሞቶም እንኳ ዋሾ እያስባለው መሆኑን ያውቃል፤ ራሱን ይረግማል፤ ግን በማግስቱም "ብርድ ነው፣ ደርቢ" ነው። አይ ግዛቸው! በሐዋሳ ሙቀት!

ፀጉር ቤቱን ሲከፍት መስታወቱን በአንሶላ ሸፈነው። "ጋሽ ግዛቸው፣ ታዲያ እንዴት እንደቆረጡኝ በምን ልየው?" ሲሉት "እቤትህ ሄደህ እይ" ይላቸዋል። በመንገድ የሚያልፈው ሰው እንደ ወትሮው "እንዴት ዋሉ?" ይለዋል፤ እሱ የሰው አንገት ላይ አቀርቅሮ "እግዜር ይመስገን" ይላል እንጂ ማን እንዳለው ቀና ብሎ አያይም።

አንድ እሑድ ከቸርች መልስ ሽማግሌዎች በላይነህን ይዘው መጡ። የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ገና ነው፤ ግን አንድ ሰፈር ውስጥ እየኖሩ ደም በመሃል አስቀምጦ መተላለፍ አይሆንም፤ ይቅርታ መጠየቅ አለበት። በላይነህ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ከደጃፉ ጀምሮ በጉልበቱ ዳኸ። ያ ግንድ የሚያህል ሰውነቱ ከስቶ ልብሱ ሰፍቶታል። የእድሩ ሽማግሌ ስለ ዕጣ ፈንታ፣ ስለ እግዜር ፈቃድ መናገር ሲጀምሩ በላይነህ አቋረጣቸው።

"አባቴ፣ ይተዉኝ፤ እግዜርን አናስገባው" አለ። "ጋሽ ግዛቸው፣ እትዬ ካሰች፤ ፍሬቻ አላበራሁም። ስፖኪዮ አላየሁም። የሰፈሬ መንገድ ነው፣ ማን ይኖራል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ልጁ በዝግታ ነው የመጣው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ከቻላችሁ ይቅር በሉኝ፤ ካልሆነም አይፈረድባችሁም።"

 ሁሉም ግዛቸውን ጠበቁ፤ የተናገረችው ግን ካሰች ናት።

"ድንጋዩን አውርደው ልጄ" አለች። "አንተ እንኳ አልዋሸህም። አላየሁም አልክ፣ አጠፋሁ አልክ፤ ሕግ የሚልህን ይበልህ፣ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። እኔ ይቅር ያላልኩት ያንን ልጅ ነው። በዚህ እጄ ነው ያሰርኩለት። አዎን ብሎኝ ነበር። በየቀኑ በሬ ላይ ሲደርስ ደፍቶ እያሳየኝ፣ ከዓይኔ ዞር ሲል ያወልቀው ነበር ለካ። አሞኘኝ። ሞቶ እንኳ ልቤ አልራራለትም፤ እናንተ ሽማግሌዎች ይሄ ምን የሚሉት መርገም እንደሆነ ንገሩኝ።"

በላይነህ አሁንም እንደተንበረከከ ነው። ግዛቸው አየው። በልጅነቱ ወንበር ላይ ሣንቃ ደርቦ ፀጉሩን የቆረጠለት ልጅ ነው፤ የሽማግሌ ፊት ሳይፈራ፣ ድንጋይ ተሸክሞ እውነቱን ተናገረ። አባት የተባለው እሱ ግን ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ከተቀመጠበት ተነሳና እሱም ከበላይነህ ጎን በጉልበቱ ወረደ።

"ኧረ! ኧረ ግዛቸው! አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?" አሉ ሽማግሌው፤ ክንዱን ይዘው ሊያነሱት።

"ተዉኝ! ካሱ፣ ልጁ አልዋሸሽም። እኔ ነኝ ያስወለቅኩት።"

"ሐዘን ነው እንዲህ የሚያናግርህ" አሉ ሽማግሌው።

"ሐዘን አይደለም! ባልዲ ደፍተህ ሰላም አትበለኝ አልኩት። ሰው ስለሳቀብኝ። በበሬ ስታልፍ ፊትህን ልይ አልኩት። ለእማዬ አዎን ብያለሁ አለኝ፤ እፊቴ ምን ይነካሃል አልኩት።" በጉልበቱ ወደ ካሰች ተጠጋ። "ከጎሚስታው እስከ በሬ ብቻ ነው የሚያወልቀው። ከኔ ሲያልፍ መልሶ ይደፋዋል፤ አንቺን ሊያሞኝ አይደለም፣ የቻለውን ያህል ቃልሽን ሊጠብቅ ነው። ስትቆጪው... ስሙን ስትተይው... እኔ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ፈሪ ነኝ ካሱ። ልጅሽ ግን ቃሉን አላጠፈም፤ ሄልሜቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ።"

ካሰች ተነስታ ወደ ግድግዳው ሄደች። ፎቶውን አዞረችው። በነጠላዋ ጫፍ የመስታወቱን አቧራ ከግንባሩ ጀምራ ጠረገችው።

"ፊልሞንዬ" አለች። ከዚያ በኋላ የመጣውን ለቅሶ መጻፍ አልችልም። ድንኳኑ ውስጥ ያልወጣው ሁሉ ነው በአንዴ የወጣው። "አልዋሸኸኝም ለካ! ልጄ፣ እኔ ነኝ የበደልኩህ! መቃብርህን አላየሁ፣ ስምህን አልጠራሁ! ይቅር በለኝ የኔ አባት፣ ይቅር በለኝ!" በላይነህ መሬቱ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ሽማግሌዎቹም ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ሲወጣላት ወደ ባሏ ዞረች። አልጮኸችም።

"በላይነህ አላየም" አለችው። "አንተ ግን በየቀኑ ታየው ነበር። ያ ሁሉ መስታወት እያለህ፣ የልጅህ ባዶ ራስ በየቀኑ ሲያልፍ አይተህ ደስ ይልህ ነበር።"

ግዛቸው አንገቱን ነቀነቀ። እውነት ነው፤ ደስ ይለው ነበር።

"እንግዲህ እኔን ሰላም አትበለኝ" አለች።

ቃሏን ጠበቀች፤ ልጇ ማንን ሊወጣ ነበር? ምግቡን ታቀርባለች፣ ሸሚዙን ታጥባለች፤ ጠዋት "እንዴት አደርሽ?" ሲላት ግን የሚመልስለት ግድግዳው ነው። ቀስ በቀስ እሱም ማለቱን ተወ። እሑድ እሑድ ካሰች መቃብሩ ጋ ብቻዋን ትሄዳለች። እሱ በሌላ ቀን ይሄዳል።

መስታወቱን የገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። ማየት ይገባኛል ብሎ ይሆናል። አንድ ከሰዓት የፊልሞን የሥራ ባልደረባ ኤርሚያስ ከቱላ በሞተር ሲመለስ ጎሚስታው ጋ ሲቆም አየው። የሟች አባት ነው፣ ባዶ ፊቴን ላሳየው ብሎ ነው እንግዲህ፤ እጁን ወደ ማሰሪያው ሰደደ። ግዛቸው አሁን መስታወቱ ላይ አልጮኸም። የፀጉር መቁረጫ ቶንዶሱን እንዳለ ጥሎ፣ ደንበኛውን ወንበሩ ላይ ትቶ፣ ወደ አስፋልቱ ሮጠ።

"ድፋው! አንተ ልጅ፣ ድፋው!"

"ኧረ ጋሽ ግዛቸው፣ ሰላም ልልዎት ነው እኮ!"

"አትበለኝ! ሰላምታህ ይቅርብኝ! ድፋው አልኩህ!" እያለ የኤርሚያስን ማሰሪያ ራሱ ቆለፈው። ግራና ቀኝ ነቅነቅ አደረገው። የሽማግሌው እንባ የኤርሚያስ ጓንት ላይ ወረደ።

በማግስቱ ታፔላ የሚጽፍ ሰው ጠርቶ፣ በዚያ ስም ኖሮት በማያውቅ በር ላይ በትልልቅ ፊደል አስጻፈ፦ "በሞተር የምታልፉ፣ ሰላም አትበሉኝ።"

መጀመሪያ ሰው ግራ ገባው። ለሐዋሳ እንግዳ የሆነ ደግሞ "ምን ያለ ኩራተኛ ሽማግሌ ነው!" ብሎ ያልፋል። የሰፈሩ ልጆች ግን ገባቸው። እነሆ አሁን ሞተረኛው ሁሉ በዚያ በር ሲደርስ አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ፣ እንደማይተዋወቅ ሰው ያልፋል። በላይነህም ፒክአፑን ይዞ ሲመጣ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት እንኳ ፍሬቻውን አብርቶ፣ ቆሞ፣ ስፖኪዮውን አይቶ፣ ደግሞ አንገቱን አውጥቶ ወደ ኋላ ዞሮ አይቶ ነው የሚታጠፈው። ከኋላ ያሉት ክላክስ ያንባርቁበታል፤ አይሰማቸውም።

ግዛቸው በመስታወቱ ሁሉንም ያያል። ለእያንዳንዱ ሞተረኛ ሚዶውን ከፍ ያደርጋል። አንዱም አያየውም።

ካሰች ዕረፍት ላይ በሆነችበት አንድ ቀን፣ ምሳውን በሳህን ሸፍና ፀጉር ቤቱ ድረስ ይዛለት መጣች። ልጁ ከሞተ ወዲህ በዚያ በር አልፋ አታውቅም፤ በሌላ መንገድ ነበር የምትዞረው። የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ሳታይ ተራመደችው። ከበሩ ፊት ቆማ ጽሑፉን አንብባ ጨረሰች፤ እንደገና አነበበችው። ግዛቸው በመስታወቱ አይቷታል፤ ደንበኛ አልነበረውም፤ ሰላም እንዳይላት ተከልክሏል፤ ሚዶውን እንደያዘ ቆመ።

ገባችና ሳህኑን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

ያኔ አንድ ሞተረኛ አለፈ። ሄልሜቱን እስከ አገጩ ደፍቷል፤ ወደ ቤቱ ዞር አላለም። ግዛቸው እንደ ልማዱ ሚዶውን ከፍ አደረገ። ካሰች እጁን አየች፤ ሞተረኛውን እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው።

"ማነው?" አለች። ከዚያ እሑድ ወዲህ ለእሱ ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

ግዛቸው ከመስታወቱ ወደ እሷ ዞረ። "እኔ እንጃ" አለ። "ፊቱ አይታይም።"

"አይታይ። እናቱ ታውቀዋለች" አለች ካሰች። የሳህኑን ክዳን አነሳችለት። "ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።"